ለኅዳር ይቆይ!

እሰይ፣ ኅዳር 12 ደረሰ! አስተዋይ ቤተሰብ የፋሲካን በግ የሚያስበው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ ለኅዳር ግን ከመስከረም ጀምሮ ያጠራቅማል። አጥር ጥግ የቆመው የተቦጫጨቀ ስፖንጅ ፍራሽ፣ አንድ እግሩ የጠፋው ኮንጎ ጫማ፣ ክረምቱ ያበሰበሰው ምንጣፍ፣ ከአሸንዳ የተጠረገው የባሕር ዛፍ ቅጠል... "ይሄ አይጣልም ወይ?" ሲባል የአባወራው መልስ አንድ ነው፦ "ለኅዳር ይቆይ።" የጣሪያው ቀዳዳ ሦስት ክረምት ሲጠብቅ በኖረበት ግቢ፣ በቀኑ የሚፈጸም ብቸኛው ዕቅድ ይህ ነውና ምስጋና ይገባዋል።

ነገሩ የመጣው ከክፉ ዘመን ነው። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ሰዉን በሺዎች ፈጀው፤ ቀባሪ ጠፋ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተረፉ። "የኅዳር በሽታ" የተባለው እሱ ነው፤ ብዙውን ሰው የጨረሰውም ሳንባ እየመታ ነው። ከዚያ ወዲህ ኅዳር ሚካኤል ሲሆን ሰፈር ይጠረጋል፣ ጥራጊው ይቃጠላል፣ ኅዳር ይታጠናል። የቀደሙት ያጠኑት በገለባና በቅጠላ ቅጠል ነበር፤ ፌስታል የት አግኝተው፣ ምስኪኖች! እኛ ግን ሠልጥነናል። በሳንባ የመጣን በሽታ በሳንባ በኩል እናባርራለን።

ሙያው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ክምሩ ደርዝ አለው። ከሥር እርጥብ ቅጠልና ገና የታጨደ ሣር ይነጠፋል። ደረቁ ቦግ ብሎ ያልቃል፣ ወግም የለው፤ እርጥቡ ግን እሳቱ መጀመሪያ ውሃውን ለማትነን ስለሚደክም፣ ሳይነድም ሳይጠፋም እስከ እኩለ ሌሊት ነጭ ጭሱን ይለቃል። ከላዩ ፍራሹ ይጋደማል። ስፖንጅ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ የሚባሉ ገዳይ ጋዞች ይሰጣል፤ መርካቶ ዕጣን ተራን ከዳር እስከ ዳር ብትዞሩ እንዲህ ያለ አታገኙም። ከዚያ የኤሌክትሪክ ገመዱ ይከተላል። ልባሱ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ፒቪሲ ውስጥ ክሎሪን አለ፤ ሲቃጠል ዓይንና ጉሮሮ የሚለበልብ የአሲድ ጭስ ይወጣዋል፣ ዳይኦክሲን የሚባለው መርዝ ደግሞ ምርቃቱ ነው። በአውሮፓ ቆሻሻ የሚያቃጥሉ ፋብሪካዎች ይህን መርዝ ለመሰባበር ጭሱን ቢያንስ 850 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ለ2 ሰከንድ እንዲያቆዩት ይገደዳሉ። ምን ዓይነት ስስት ነው? እኛ ጋ ምንም አይሰባበርም፤ ሁሉም እንዳለ ለጎረቤት ይደርሳል።

ለማቀጣጠያ ላምባ ይበቃል። ነገር ግን ጀግና ቤንዚን ይመርጣል። ቤንዚን ሲነድ የሚቀድመው ፈሳሹ ሳይሆን ተኑ ነው፤ ተኑም ክምሩን አልፎ እግር ሥር ድረስ ይተኛል፤ ስለዚህ ክብሪቱ ገና ሲጫር ቅንድብ በነፃ ይላጫል። እሳቱ ያንቀላፋ ሲመስል ከጀሪካኑ በቀጥታ የሚደግሙም አሉ፤ ነበልባሉ የሚፈሰውን ይዞ ወደ እጅ ሲመጣ ዳንሱን የሚያይ ሰፈርተኛ አይጠፋም። "ባዶ ነው" ተብሎ የተወረወረው የበረሮ ፍሊትም የራሱ ድርሻ አለው። ቆርቆሮው ውስጥ የቀረችው ጋዝ ስትሞቅ ትነፋና ጓ! ትላለች። ርችት መግዛት ድሮ ቀረ።

ሰዓት መምረጥም ጥበብ ነው። ቀትር ላይ ቢለኮስ ነፋስ ጭሱን ይወስደዋል፤ ማንም ሳያስል ኅዳር ያልፋል፣ ያሳፍራል። አመሻሽ 12 ሰዓት ግን ሁሉ የተሟላ ነው። የኅዳር ሰማይ ጥርት ያለ ስለሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ መሬቱ ቶሎ ይበርዳል፤ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፣ ሞቅ ያለው ከላይ እንደ አክንባሎ ይገጥምበታል። ጭሱ መውጫ ሲያጣ በበር ሥር፣ በመስኮት ስንጥቅ፣ በቆርቆሮው ሽንቁር ይገባል። እንዲህ ያለ ቤት ለቤት አገልግሎት የትኛው መሥሪያ ቤት ይሰጣል?

የቤት ውስጥ የሥራ ክፍፍሉም ልብ ይነካል። እመቤቲቱ ከንጋት ጀምራ እንደ ኅዳር አህያ ስትሸከም ትውላለች፦ ትጠርጋለች፣ ትሰበስባለች፣ ታወጣለች። አባወራው ማታ ብቅ ብሎ ክብሪት ይጭራል፤ በረጅም እንጨት አንዴ ቆስቆስ ያደርግና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። ስለዚህም "ኅዳርን ያጠነው" እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የቀረው ትንንሽ ሥራ የእሷ ነው፦ ተሰጥቶ የዋለውን ልብስ ማስገባት (ነገ እንደገና ይታጠባል)፣ በር ሥር እርጥብ ጨርቅ መወተፍ፣ አስም ያለባቸውን አያት ወደ ጓዳ ማሸሽ።

መንፈሰ ደካሞች ሌላ መንገድ አለ ይላሉ። ቅጠሉንና ሣሩን ለብቻ አድርጋችሁ፣ ጉድጓድ ቆፍራችሁ፣ በየመሐሉ አፈርና ፍግ እያለበሳችሁ፣ በየሁለት ሳምንቱ ብታገላብጡት በጥቂት ወር ውስጥ ለጎመን የሚሆን ብስባሽ ይወጣዋል። ሃይላንዱን፣ የዘይት ጀሪካኑንና ቁርጥራጭ ብረቱን ቁራሌው ይገዛችኋል። የቀረውን በማዳበሪያ ብታስሩት የጽዳት ማኅበሩ ልጆች በጋሪ ይወስዱታል። ቅዠት ነው! ቁራሌው የሚከፍለው ሳንቲም ለምን ያደርጋል? ለጎመኑም ቢሆን ማን ብስባሽ ይጠብቃል፤ የተቃጠለው ገመድና ባትሪ አመድ በማግሥቱ መደቡ ላይ ይበተንለታል፣ መርዛማው ብረት እርሳስ ካለበትም ቅጠሉ አይናገር።

በ13 ማለዳ ደጃፉ ታይቶ አይጠገብም። ጎማ ነድዶ ካለቀበት ቦታ የብረት ሽቦው እንደ ጥልፍ ተዘርግቶ የሚያልፈውን ባጃጅ ይጠብቃል። ፍራሹ ደግሞ ዳር ዳሩ ቀልጦ ጥቁር ድንጋይ ሆኗል፣ መሐሉ ግን እርጥበት ይዞ ስለነበር ግማሹ ሳይነድ ቀርቷል። አባወራው በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ ከጎረቤት አጥር ያስጠጋዋል። ጎረቤትየውም አይቶ ዝም ይላል፤ የእሱ ያላለቀ ጎማ በወዲህኛው አጥር በኩል ቆሟላ።