ጉሊቷን አትርሷት

ሰሞኑን ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የእሁድ ገበያ የአዲስ አበባን ደሃ ከኑሮ ውድነት እንዳሳረፈው ይናገራል። ገበያው ጥሩ ነው፣ አልክድም። እኔም የምሸምተው እዚያው ነው። ግን የሚያተርፍበት አምስት ኪሎ ሽንኩርት በአንዴ መግዛት የሚችል ሰው ነው። የቀን ሠራተኛ ገንዘብ እጁ የሚገባው ማታ ነው። የሚገዛውም ከሰፈሩ ጉሊት ነው፤ አንድ መደብ ቲማቲም፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ በላስቲክ የተቋጠረች ዘይት፣ በስኒ የተሰፈረ ሽሮ። በኪሎ ቢሰላ ከባለ መኪናው በላይ እየከፈለ እኮ ነው!

የአትክልት ጅምላ ገበያው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ከተነሳ ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። መጀመሪያ ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያ በከተማዋ ደቡብ ወዳለው ሀይሌ ጋርመንት ሄደ። በፒያሳ ዙሪያ ያሉ የአራዳ ጉሊት ቸርቻሪ ሴቶች በሌሊት እዚያ ድረስ ወርደው፣ ለታክሲና ለተሸካሚ ከፍለው ነው የሚያመጡት። ያ ሁሉ ቲማቲሟ ላይ ይጨመራል። ደንብ አስከባሪ መጥቶ ሲበትናቸው ደግሞ መሬት ላይ የሚፈሰው የሰፈሩ እራት ነው።

ለእነዚህ ሴቶች በየወረዳው ጥላ ያለው ቦታ ይሰጣቸው። ሸማቾች ማህበራትም ምስርና ክክ በሩብ ኪሎ፣ ዘይት በግማሽ ሊትር ይሽጡ። ባለ አምስት ሊትር ጄሪካን ደርድሮ «ቅናሽ ነው» ማለት ለዕለት ጉርስ ለሚሮጥ ሰው ምን ይፈይዳል?