እርማት፦ ጥብቅ ሹሩባ ፀጉር አያበቅልም
እህቴ፣ ግንባርሽ ላይ ሲሳሳ "ጥብቅ ሹሩባ ያበቅለዋል" ላልሽው፣ ፀጉር የሚያድገው ከስሩ ነው፣ ስለተጎተተ አይበቅልም፣ እንደውም ያሳሳው እሱ ሊሆን ይችላል። እኔ ፒያሳ ሹሩባ ስሰራ ጆሮዬ ስር ትናንሽ ብጉር ወጣብኝ፣ ሰሪዋ "ሲጠብቅ ነው የሚያምረው" ስትለኝ ዝም አልኩ፣ አሁን እዛጋ ባዶ ነው። መጀመሪያ መጎተቱን አቁሚ፣ ገና ከሆነ ራሱ ሊመለስ ይችላል። ሚኖክሲዲል የሚባለው የሚቀባ የፀጉር መድኃኒትም ይሞከራል፣ ግን ከ3 እስከ 6 ወር ይፈልጋል፣ መጀመሪያ ላይ ይበልጥ ሊረግፍ ይችላል አትደንግጪ፣ ለእርጉዝ ግን አይሆንም። ቆዳው ጠባሳ ሆኖ ካብረቀረቀ ቅባት አይመልሰውም፣ ያኔ የፀጉር ንቅለ ተከላ ነው የሚታሰበው። ከመሀል አናትሽም ከረገፈብሽ ደግሞ አይረን (የሰውነት ብረት) እና ታይሮይድ (የአንገት እጢ) ተመርመሪ፣ ብቻ ሳይጠባስ የቆዳ ሐኪም ይይልሽ።