ስኳር ያለባችሁ፣ ልባችሁንስ ማን አየው?

የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው።

ስኳር ያለባችሁ በየቀጠሮው ካርድ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ጣት ይወጋል፣ ቁጥሩ ይነበባል፣ መድኃኒት ትቀበላላችሁ፣ ወደ ቤት። ልባችሁስ? ሲሏችሁ፣ “ምን ሆኜ!” ነው መልሱ።

የደብረ ብርሃን ዳገት ላይ ትንፋሻችሁ ሲቆራረጥ “ብርዱ ነው፣ ከፍታው ነው” ትላላችሁ። ልክ ነው፣ ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ እንግዳ ይደክመዋል። እናንተ ግን እዚሁ ነው ያደጋችሁት። አምና ሳትቆሙ የወጣችሁትን ዘንድሮ ሦስቴ ካረፋችሁበት ዳገቱን አትክሰሱት። ዳገቱ አላደገም።

ስኳር ልብን የሚጎዳው የደም ሥር በመዝጋት ብቻ አይደለም። ጡንቻውን ራሱን ያወፍረዋል፣ ያደነድነዋል። ደርቆ የከረመ አቁማዳ እህል ልሙላብህ ሲሉት እንዴት እንደሚያስቸግር ታውቃላችሁ። የስኳር ልብም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያቅተው ደም መርጨቱ ሳይሆን ላላ ብሎ ደም መቀበሉ ነው። ይህ ለዓመታት ላይሰማችሁ ይችላል። ስኳር ነርቭንም ስለሚያደነዝዝ ድንገተኛ የልብ ሕመም እንኳ ያለ ውጋት የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ስለዚህ “አላመመኝም” የሚለውን ተዉት።

ልብን በአልትራሳውንድ ማየት ይቻላል ሲሏችሁ፣ “አልትራሳውንድ የእርጉዝ ነው” የምትሉም አላችሁ። በ1953 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ ሐኪሙ ኤድለርና የፊዚክስ ባለሙያው ኸርትዝ የአልትራሳውንዱን ድምፅ ልብ ላይ ሞክረውታል! ዛሬ ኢኮ ይባላል። በግራ ጎን ትተኛላችሁ፣ ደረት ላይ ጄል ይቀባል፣ በቃ። ጨረር የለውም፣ አያምም። የግድግዳው ውፍረት፣ የደሙ አገባብ ይታያል። ስትሬን የሚባለው፣ ጡንቻው ሲኮማተር ምን ያህል እንደሚያጥር የሚያሳየው ልኬት ደግሞ፣ መሣሪያው ካለው፣ የመርጨት አቅሙ ደህና የተባለ ልብ ላይ እንኳ የጡንቻውን መድከም ቀድሞ ሊያሳይ ይችላል።

ነገ ተሰልፋችሁ “ኢኮ አንሱኝ” በሉ አላልኩም። ለማን እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ግን ዝም ካላችሁት ምኑን ይዞ ይወስን? ማታ ስትተኙ ትንፋሽ እያጠራችሁ ትራስ መደራረባችሁን፣ የእግራችሁን እብጠት አትነግሩትም። አረቄውንማ ጭራሽ! ቀድሞ ከታወቀ የደም ግፊቱን ማስተካከል ይቻላል፣ ስኳሩን ይዘው ልብንም የሚደግፉ መድኃኒቶች አሉ። ሳንባ ውኃ ከሞላ በኋላ ነገሩ ሌላ ነው።

በተለይ ወንዶች፣ ይህን ስሙ። አሜሪካ፣ ፍራሚንግሃም ከተማ ውስጥ የተደረገ ጥናት በ1974 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ስኳር የልብ ድካምን በወንዶች ከ2 እጥፍ በላይ፣ በሴቶች ደግሞ 5 እጥፍ ያህል ይጨምራል። በእኛ ቤት መጨረሻ ላይ የምትታከመው ግን ማን ናት? “እኔማ ደህና ነኝ” እያለች ውኃ የምትቀዳው እናት ናት። ከመንዝ ወደ ደብረ ብርሃን ለበግ ሽያጭ ስትመጡ እሷንም ይዛችሁ ኑ። ካርዷንም አትርሱ።