ለክቡር ባለ 80 ሊትር ቦርሳዬ

ለ፦ ክቡር ባለ 80 ሊትር የጀርባ ቦርሳ
ቁም ሳጥን አናት ላይ

ጉዳዩ፦ ከጀርባዬ ላይ በክብር እንዲወርዱ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከወገብ ሕመም በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ወንጪ የምንሄደው ለአንድ ሌሊት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወጥቶ እሁድ ማታ ቤት መግባት። እርስዎን ጀርባዬ ላይ ያየ ግን አገር ጥዬ የምሰደድ ነው የሚመስለው። የሚኒባሱ ረዳት ሳይቀር ቀና ብሎ አየዎትና «የሁለት ሰው ነው የሚከፈለው» አለ። ቀልዱን መስሎኝ ነበር።

ደግሞ ክብደትዎ! ሆድዎ ባዶ ሆኖ እንኳ 3 ኪሎ ሊሞሉ ትንሽ ነው የቀረዎት። ወፍራም ጨርቅ፣ የብረት ዘንግ፣ አሥራ ምናምን ኪስ፣ ለምን እንደተሰፋ ማንም የማያውቀው ማሰሪያ። ቀላል የሚባሉት ባለ 40 ሊትር ዘመዶችዎ 1 ኪሎ አካባቢ ናቸው። ስማቸውን ሳነሳ እንደሚከፋዎት አውቃለሁ።

ክብደትዎንስ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ባዶ ቦታ አለመውደድዎን ነው። አንድ ሹራብ ይበቃል ብዬ ልዘጋዎት ስል «ኧረ ገና ቦታ አለኝ!» ይላሉ። ሁለተኛ ጂንስ ይግባ። የገላ ፎጣ ይግባ። ጃንጥላ፣ ስፒከር፣ ሁለት ፓወር ባንክ፣ ሙሉ ጠርሙስ ሻምፖ። (የወንጪ አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ብርድ ማን ፀጉሩን ሊታጠብ!) «ቢያስፈልግስ?» የምትለዋ ጥያቄዎ ብቻዋን ስንት ኪሎ አስጫነችኝ። ጂንሱማ አንዴ ዝናብ ከነካው ቅዳሜ ረጥቦ እስከ ማክሰኞ አይደርቅም።

ግብረ አበሮችዎንም መዝኛቸዋለሁ። አክስቴ ከዲሲ ስትመጣ 23 ኪሎዋን የምትቆጣጠርበትን፣ መንጠቆ ያለውን የሻንጣ ሚዛን ትታልን ሄዳለች። እሱ ላይ አንድ በአንድ ሰቀልኳችሁ። እርስዎ 2.9፣ ድንኳኑ 3.2፣ ስሊፒንግ ባጉ (የመኝታ ከረጢቱ) 2.1። ድምር 8.2 ኪሎ። ውኃው፣ ስንቁ፣ ካልሲው ገና አልገባም። ፈረንጆቹ ምግብ፣ ውኃና ጋዝ ሳይቆጠር የያዙት ዕቃ ከ9 ኪሎ ካነሰ «ቀላል»፣ ከ4.5 ኪሎ ካነሰ ደግሞ «እጅግ ቀላል» ይሉታል። ሦስታችሁ ብቻ የመጀመሪያውን ልትሞሉት 8 መቶ ግራም ቀራችሁ።

በዚህ መሀል አንድ ወዳጃችን ክብደት ለመቀነስ ብሎ የጥርስ ብሩሹን እጀታ ቆርጦ ፎቶውን ለጥፏል። የእርስዎ መንትያ ወንድም ግን እስከ ዛሬ ጀርባው ላይ ነው። ፎቶውን ሳሳይዎት ዚፕዎ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ሰሜን ተራሮች ላይማ አሳፍረውኛል። አብሮን የወጣውን የፓርኩን ጠባቂ፣ ስካውቱን ያስታውሱታል? ጠመንጃ፣ ብርድ ልብስ፣ ትንሽ ስንቅ። በቃ። ከያዘው ሁሉ የሚከብደው ጠመንጃው ነው። ዳገቱን ሳያለከልክ እያወራ ይወጣዋል። እርስዎ በበቅሎ ነበር የሚጓዙት። ሳንቃ በር ካምፕ ላይ ስናወርድዎት በቅሎዋ ዘወር ብላ ያየችዎትን አስተያየት እኔ አልረሳሁትም።

በፈረንጆቹ 1955 ደግሞ ኤማ ጌትውድ የምትባል የ67 ዓመት አሜሪካዊት አያት፣ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የአፓላቺያን የተራራ የእግር መንገድ ብቻዋን በእግሯ ጨርሳዋለች። ራሷ የሰፋችው ከረጢት ትከሻዋ ላይ፣ ሸራ ጫማ እግሯ ላይ። ለዝናቡ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ይዛለች። እስቲ ኪሶችዎን ይቁጠሩና ይፈሩ።

ስለዚህ ይወርዳሉ። ዛሬ ግን አይደለም። ቦርሳ መገዛት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው፤ እርስዎ ግን ሻጩ «ትልቁ ይሻላል፣ አትቆጭም» ብሎ ሲያሞካሽዎት ከሁሉ ቀድመው ቤት ገቡ። ዕቃው ሁሉ በልክዎ ተሰበሰበ። አሁን ዕቃው ሳያንስ ባለ 40 ሊትር ብገዛ ድንኳኑ ቤት ይቀርና እኔ ሜዳ ላይ አድራለሁ።

መጀመሪያ የሚነሳው ድንኳኑ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው ቀላሉን እስኪያመጣልኝ ድረስ መፍትሔው ነጻ ነው፤ ለሁለት ስለምናድርበት እኔ ጨርቁን፣ ጓደኛዬ ዘንጉንና ካስማውን ይሸከማል። ቀጥሎ ስሊፒንግ ባጉ። የዳክዬ ላባው 1 ኪሎ አካባቢ ሆኖ በደንብ ያሞቃል። ላባ ከረጠበ ግን ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ በወፍራም ፌስታል ተጠቅልሎ ይገባል። ስፖንጅ ምንጣፏ አትነካም። 4 መቶ ግራም ብትሆን ነው፣ ከመሬቱ ብርድ የምታስጥለኝም እሷ ናት። ለጃኬት ብዙ ብር አላወጣም። ሳልባጅ ክምር ውስጥ ጎንበስ ብሎ የፈለገ ሰው ቀላልና ቶሎ የሚደርቅ ፍሊስ አያጣም።

ስንቁ ላይ መመራቀቅ አያስፈልግም። ደርቆ የታሸገ የካምፕ ምግብ በውድ የሚያስመጡ አሉ። ድርቆሽና ቋንታ ባለበት አገር! በሶማ እሳት እንኳ አይፈልግም። በነገራችን ላይ ጀበናዋ ትሄዳለች። አውቃለሁ፣ ሸክላ ናት፣ ትከብዳለች፣ ትሰበራለች፣ በጋቢ ተጠቅልላ ነው የምትጓዘው። ስለ እሷ አንድ ቃል እንዳይተነፍሱ።

የጡረታዎ ነገር አያሳስብዎት። እማዬ አይታዎት «ይሄማ ለበርበሬ ነው» ብላለች። ከእንግዲህ ከክፍለ ሀገር በርበሬና ሽሮ ጭነው፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተዘርግተው ይመጣሉ። ባዶ ቦታ አይኖርዎትም። እማዬን አውቃታለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የእስከ ዛሬው ተሸካሚዎ

ግልባጭ፦
ለሁለቱም ጉልበቶቼ
ለድንኳኑና ለስሊፒንግ ባጉ (ተራቸውን እንዲጠብቁ)
ለደባርቅ በቅሎዎች በሙሉ