ሒሳብ አዋቂዎቻችን ይኑሩልን

ይህች አገር የኢኮኖሚ ሊቅ ጠፋባት የሚል ሰው በስደት መንገድ ባሕር የበላው ልጅ ለቅሶ ቤት ሄዶ አያውቅም። እዚያ አስከሬን ስለሌለ ቀብር የለም። ቀብር ስለሌለ ለቀስተኛው ጊዜ አለው። ጊዜ ያለው ለቀስተኛ ደግሞ ያሰላል።

በቀደም በእድሩ ድንኳን ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ባለ ካፖርት ጋሼ ንፍሯቸውን እየቆረጠሙ፣ «ለመሆኑ ስንት ከፍሎ ነው የሄደው?» ሲሉ ጠየቁ። የሟች አጎት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መቶ ሃምሳ ሺህ ብር ግድም ወጥቷል» አላቸው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ራስ መነቅነቅ ታውቁታላችሁ፤ ከኋላው ተከትሎ የሚመጣውንም እንዲሁ። «በዚህ ብር እዚሁ ቢሠራበት ኖሮ!»

ምስጋና ይግባቸውና ጋሼ እንደ ሌሎቹ እዚህ ላይ አላቆሙም፤ ወደ ዝርዝሩ ገቡ። በ50 ሺህ ብር 100 እንቁላል ጣይ ዶሮ ተገዛ። መቶው ዶሮ በቀን 100 እንቁላል ጣለ። አንዱ በ15 ብር ሲሸጥ በቀን 1,500፣ በወር 45 ሺህ፣ በዓመት ከግማሽ ሚሊዮን ብር በላይ ሆነ። በጋሼ ሒሳብ ዶሮ መኖ አትበላም፣ ፈንግል አይነካትም፣ በሁዳዴም እንቁላል ገዢ አይጠፋም። በቀረው 100 ሺህ ሁለት ወይፈን ተገዝቶ ለፋሲካ ሰባ። ሁለቱ በትርፋቸው አራት ሆኑ፤ አራቱ ለእንቁጣጣሽ ስምንት ሆኑ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ባጃጅ ተገዛ፤ ባጃጁ ሚኒባስ ወለደ፣ ሚኒባሱ የእህል ወፍጮ፣ ወፍጮው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ። ንፍሮ የምታድለው ልጅ ለሁለተኛ ዙር ስትመጣ ሟች ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካ ተክሎ ነበር። በሦስተኛው ዙር ሠራተኛ አጥሮት የውጭ አገር ሰው መቅጠር ጀመረ። የጣሊያን ጎረምሶች በጀልባ እየተጫኑ ወደ ኮምቦልቻ ሲጎርፉ፣ «ኮምቦልቻ እኮ ባሕር የላትም» የሚል አንድ ለቀስተኛ አልተገኘም። እኔም ዝም አልኩ። ሟች በዚያ ፍጥነት እየከበረ ሳለ ማቋረጥ ነውር ነው። ጋሼ ለሟች ሚስት ሊመርጡለት ሲሉ ቄሱ ደረሱና ለጸሎት ተነሣን። እንጂማ የልጅ ልጅ ሳያሳዩት አይለቁትም ነበር።

አባትየው ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ይሰሙ ነበር። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው በመዳፋቸው ሸፍነውታል።

እስቲ ምስጋናዬን ላፍታ ላቋርጠው። ያ መቶ ሃምሳ ሺህ ብር በልጁ ኪስ አንድም ቀን አላደረም! ልጁ ከቤቱ ሲወጣ የያዘው የደላላ ዱቤ ነው። «አሁን ሂድ፣ ስትደርስ ትከፍላለህ» ተብሎ ነው የተነሣው። የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ጅቡቲን በእግሩ ዘልቆ፣ ከኦቦክ ጠረፍ በጀልባ ተጭኖ የመን ጠረፍ ራስ አል-አራ ሲወርድ የሚጠብቀው በር የተቆለፈበት ግቢ ነው። ከዚያ በ967፣ በየመን የስልክ መለያ፣ የሚጀምር ቁጥር አባትየው ስልክ ላይ ይደውላል። ልጁን እየገረፉ ጩኸቱን ያሰሟቸዋል። በሬው የተሸጠው ያን ጊዜ ነው። መሬቱ በወለድ አገድ የተያዘውም ያን ጊዜ ነው። እናንተ ዶሮ የምትገዙበት ብር ከዚያ ጩኸት በፊት አልነበረም። አባት ምን እንዲያደርጉ ነው የምትፈልጉት? «ቆይ ልጄ፣ በዚህ ብር ወይፈን ባሰባበት ይሻላል» ብለው ስልኩን እንዲዘጉት?

ደግሞም ልጁ የሰመጠው ሲሄድ አይደለም፤ ሲመለስ ነው። ሳዑዲ መግባት አልሆንለት ሲል ወደ ጅቡቲ በምትመለስ ጀልባ ተሳፈረ። «አርፈው አገራቸው ቢገቡ» የሚለውን ምክር ሊፈጽም ሲል ነው ባሕር የበላው። እሱ ብቻም አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ አጋማሽ ጅቡቲ ጎዶሪያ ጠረፍ ላይ የሰመጡት ሁለት ጀልባዎች ከየመን የሚመለሱ ኢትዮጵያውያንን ጭነው ነበር፤ በሁለቱ ከ50 በላይ ሰው አልቋል። የእኛ ጥያቄ ግን ያኔም «ለምን ሄዱ?» ነበር።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ፍጥነታችን ሳይደነቅ ማለፍ የለበትም። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን አብያን ጠረፍ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ መንገደኞችን የጫነች ጀልባ ስትገለበጥ፣ ባሕሩ አስከሬን ተፍቶ ሳይጨርስ እኛ ፍርዱን ጨርሰን ነበር፤ ሥራ ጠሎች፣ ሕገወጦች፣ ምክር አልሰማ ያሉ። ፍርዱን የጻፈው ጣት የነካው ስልክ ከጂዳ እህት የላከችው ነው። ጣሪያውም፣ ቴሌቪዥኑም፣ የቡናው ስኳርም እንዲሁ። እህትየው በምን እንደተሻገረች ግን በዚያ ቤት ተነሥቶ አያውቅም።

ግንዛቤ አስጨባጮችም አሉልን። ደህና ሆቴል ተይዞ፣ የጀልባ ሥዕል ያለበት ባነር ተሰቅሎ፣ በውሎ አበል ታጅቦ ባሕር እንደሚያሰምጥ ይብራራል። ወጣቱ ይህን የማያውቅ ይመስል! ያውቃል እንጂ፤ አብሮ አደጎቹን በስም እየጠራ ይቆጥርላችኋል።

አንዳንዴ እነዚህ ሒሳብ አዋቂዎች ዘግይተው መወለዳቸው ይቆጨኛል። እ.ኤ.አ. በ615 የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው ቀይ ባሕርን በመርከብ ሲሻገሩ፣ የዐረብ ታሪክ ጸሐፍት እንደሚተርኩት ለመሳፈሪያ ግማሽ ዲናር ከፍለዋል። ግማሽ ዲናር! በዚያ መካ ውስጥ ስንት ፍየል ይገዛ ኖሯል? ፍየሎቹስ ስንት ግልገል ይወልዱ ነበር? ባለ ካፖርቱ ጋሼ ባሕሩ ዳር ቆመው ቢቀበሏቸው ኖሮ ሲመሽ ከነመርከባቸው አሳምነው በመለሷቸው። የመካዎቹ ገዢዎች ቁረይሾች እጅ መንሻ አስይዘው «ሰዎቻችንን መልሱልን» ብለው መልእክተኛ መላክም ባላስፈለጋቸው። እንዳለመታደል ሆኖ የአክሱሙ ንጉሥ ሒሳብ አልቻለም፤ ስደተኞቹን ጠርቶ ሰማቸው፣ እጅ መንሻውን መለሰ፣ እነሱን አስቀመጠ። ያንኑ ታሪክ ዛሬ በየመድረኩ የእንግዳ ተቀባይነታችን ማስረጃ አድርገን የምናነበንበው እኛው ነን። በጀልባ የመጣ ስደተኛ እኛ ዘንድ የሚወደደው 1,400 ዓመት ሲሞላው ነው።

ከሁሉም በላይ አመስግኜ የማልጠግባቸው ግን ባሕር ማዶ ያሉት አንዳንድ አንጋፋዎቻችን ናቸው። በደርግ ዘመን በመተማ በኩል ቀን ጫካ ተደብቀው፣ ሌሊት ተጉዘው ሱዳን የገቡ፣ ካርቱም ከርመው አሜሪካና አውሮፓ የተሻገሩ። ዛሬ ማኪያቶ ፊታቸው አስቀምጠው የጣሊያኗ ደሴት ላምፔዱዛ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚወርደውን ጎረምሳ በቴሌቪዥን ሲያዩ ፊታቸው ይከፋዋል። «እንደኛ በሕጋዊ መንገድ ቢመጡ ምን ነበረበት?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በደርግ ጊዜ ያለ መውጫ ቪዛ ከአገር መውጣት አይቻልም ነበርና፣ እነሱም ማመልከቻቸውን በሁለት ቅጂ ጽፈው፣ ቴምብር ለጥፈው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ አያይዘው፣ ተራቸውን ጠብቀው መሆን አለበት መተማን በሌሊት ያቋረጡት። መንገድ ያሳያቸው ሰውም የንግድ ፈቃድ ነበረው፤ ደረሰኝም ቆርጦላቸዋል። እስቲ ማኅተሙን ያሳዩን።