ሐረጎ ቦሎ አይጠይቅም

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ የሚሸተውን የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ያውቀዋል። ሽታው ሲመጣ ተሳፋሪው መስኮት ይዘጋል፤ የሚኒባሱ ሾፌር ከፊቱ ካለው ተሳቢ ራቅ ይላል።

የሚያስቆጣኝ ያ ተሳቢ ሕጋዊ መሆኑ ነው። መስታወቱ ላይ የዘመኑ ቦሎ ተለጥፏል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 ስለ ተሽከርካሪ ምርመራ ይደነግጋል፤ መኪናውም ተመርምሯል። ግን በዓመት አንድ ቀን፣ ጭነት ሳይኖረው፣ ሜዳ ላይ፣ ፍሬኑ ቀዝቅዞ ነው። ለምርመራው ቀን ደህና ጎማ ስለሚዋሱ ባለንብረቶች ጋራዥ ውስጥ የሚወራውን ቀልድ ለጊዜው ልተወው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 40 ቶን የሚመዝን መኪና ያን ቁልቁለት ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ700 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሞተሩና ከባዱ ማርሽ ካላገዙ ሙቀቱ የሚያርፈው ሸራውና ታምቡሩ ላይ ነው፤ ታምቡር ከጎማው ጋር የሚዞረው፣ ሸራው ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው የብረት ከበሮ ነው። ሸራው ሲግል መያዝ ያቅተዋል፤ ታምቡሩም በሙቀት እየሰፋ ከሸራው ይርቃል። ሜዳ ላይ ያለፈ፣ ነገር ግን የላላ ፍሬን እዚህ ያልቅለታል። ከዚያ «ፍሬን እምቢ ብሎት» ተብሎ ይዘገባል። ፍሬን እምቢ አይልም። እምቢ ያለው ሸራ እንዲቀየር ተጠይቆ «አንድ ጉዞ ይጨርስ» ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ ፍተሻው ቁልቁለቱ ወደሚጀምርበት ይምጣ። ከደሴ መውጫ ላይ ጭነት የያዘው ሁሉ ይቁም። አየር የሚያፈስ ቱቦ እንዳለ ማዳመጥ፣ የሸራውን ውፍረት ማየት፣ የተሳቢው ፍሬን ጨርሶ መሥራቱን ማረጋገጥ የእጅ ባትሪና ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች ይበቁታል። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ተራ የሚጠብቁትም በዚያው ሰዓት ሊታዩ ይችላሉ።

ጉድለት ከተገኘ ታርጋው ይፈታ፤ ቅጣቱ ግን ለባለንብረቱ ይጻፍ። ሾፌሩን ቀጥቶ መሸኘት ቀላል ነው፤ መለዋወጫ የሚገዛው ግን እሱ አይደለም። መለዋወጫ መወደዱን አልክድም። ሆኖም ውድነቱን ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ባጃጅ የሚጠብቅ ተማሪ የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።

ባለፈው ስወርድ አንድ ረዳት ታኮ ታቅፎ ከተሳቢው ጎን በእግሩ ይሮጥ ነበር። መኪናው ቦሎ ነበረው።