ማስተካከያ፦ በእንቅልፍ ላይ ስለሚነሳ የሚጥል በሽታ

በእንቅልፍ ላይ ብቻ የሚነሳ የሚጥል በሽታ አደጋ ስለሌለው መድኃኒት አያስፈልገውም ተብሎ ቀደም ሲል የቀረበው መረጃ ትክክል አይደለም። ሌሊት መላ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ማንም ሳያይ ሊያልፍ ይችላል፤ ለድንገተኛ ሞት የሚያጋልጥበትም ጊዜ አለ። ጠዋት የተነከሰ ምላስ፣ የረጠበ አንሶላ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የጡንቻ ሕመም ከታየ ሐኪም ይታይ። እንደ ካርባማዜፒን ያለ መድኃኒት የታዘዘለት ሰውም በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ፤ በድንገት ማቆም ሕመሙን ያባብሰዋል። እንቅልፍ ማጣትም ይቀሰቅሰዋል።

ሕመሙ ሲነሳ ክብሪት ማሽተትና በጥርስ መካከል ማንኪያ ማስገባት፣ እባካችሁ፣ ይቅር። በጎኑ አስተኙት፤ ትራሱን ከፊቱ አርቁ፤ ሰዓት ተመልከቱ። መንቀጥቀጡ 5 ደቂቃ ካለፈ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።